«ጓደኛዬ ካልዘለለ አክሽን አይባልም» ላልከኝ ወንድሜ



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምትጽፉልኝ የፍቅር ነገር ነው። «ትታኝ ሄደች»፣ «መደወል አቆመ»፣ «እናቱ አልወደደችኝም»... የዚህ ሳምንቱ ደብዳቤ ግን ለየት ይላል። መጀመሪያ ሳነበው «ይሄ ልጅ ዓምድ ተሳስቷል እንዴ?» አልኩ። ነገሩ የፊልም ጥያቄ ነዋ! ደግሜ ሳነበው ግን ከፊልሙ ጀርባ ሌላ ነገር አየሁ። እንደ ልማዳችን ስም አንጠራም፣ ሰፈርም ትምህርት ቤትም አንጠቅስም። ደብዳቤው አጠር ተደርጎ እነሆ፦

«የሃያ ዓመት ወጣት ነኝ። ፊልም መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። መምህራችን በቡድን ሆነን የአንድ አክሽን ፊልም መክፈቻ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ሠርተን እንድናቀርብ አዞናል። ‹የዘውጉን ልማዶች ተጠቀሙ› ብሎናል። አምስት ነን። ስክሪፕቱን የጻፍኩትም ዳይሬክት የማደርገውም እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ዶላር የተሞላ ጥቁር ቦርሳ ይዞ ይሮጣል። ሽጉጥ የያዙ ሦስት ሰዎች ያሳድዱታል። መጨረሻ ላይ ካላለቀ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የአሸዋ ክምር ላይ ይዘላል። የሚዘለው የልብ ጓደኛዬ ነው። የፊልም ተማሪ አይደለም፣ ለእኔ ብሎ ነው። እሺ ብሏል። ኤዲት የምታደርገው ልጅ ግን ‹ዝላዩ ካለ እኔ የለሁበትም› ብላ ቡድኑን ለሁለት ከፈለችው። ጓደኛዬ ካልዘለለ ምኑን አክሽን ተባለ? ጃኪ ቻን ራሱ ይዘል የለም እንዴ? ደግሞ ልማዱን ከተከተልኩ ‹ከፈረንጅ ገለበጥክ› እባላለሁ፣ ካልተከተልኩ ውጤት ይቀነስብኛል። ቀረጻው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ማን ነው ትክክል?»

ስማኝ ወንድሜ። ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ትክክሏ ልጅቷ ናት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን የራሴን ጉድ ማውጣት አለብኝ።

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነው። እኔም እንዳንተ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የድራማ ክበብ ነበረን። በሰፈራችን ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ሰውዬ ነበር። ያን ትከሻ ላይ የሚጫን ትልቅ የቪዲዮ ካሜራውን ለምነን ለምነን፣ ሠርግ በሌለበት ማክሰኞ ቀን ለሁለት ሰዓት አዋሰን። ሁለት ሰዓት ብቻ! እኛ ደግሞ ምን አማረን? አክሽን ፊልም። ስክሪፕት ብሎ ነገር የለም። በአእምሯችን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከድንጋይ አጥር ላይ የሚዘል ልጅ።

አጥሩ ሦስት ሜትር ይሆናል። የሚዘለው የልብ ጓደኛዬ ነው። በሰፈር ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ ሲሮጥ አቧራ እንጂ እሱ አይታይም ነበር። «ትችላለህ?» አልኩት። «እሺ» አለ። እኔ ካሜራውን ተሸክሜ አጥሩ ላይ ወጣሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ የቆጠርኩትም እኔው ነኝ።

ዘለለ። ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሐኪም ቤት አልወሰድነውም። እናቱን ፈርተን ወጌሻ ጋ ወሰድነው። እሱም አሸው፣ ጎተተው፣ አሰረው። በሦስተኛው ቀን እግሩ ጠቁሮ ሲያብጥ ነው እናቱ የሰሙት። ሆስፒታል ሲደርስ ተረከዙ ተሰብሯል ተባለ። አራት ወር ተኛ። ኳስ በዚያው ቀረ። አሁን ሁለታችንም ጎልማሶች ነን፣ ልጆች አሉን። ክረምት ሲገባ ግን አሁንም ያነክሳል። እናቱ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቤታቸው ስሄድ ቡና ያቀርቡልኝ ነበር። የሚከብደውም እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ካሴቱን ልንገርህ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሠርግ ቀራጩ ቤት ቁጭ ብለን አየነው። ዝላዩ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እኔ ከላይ ወደ ታች ስለቀረጽኩት ከደጃፍ ደረጃ የወረደ ልጅ ነው የሚመስለው። ከሦስት ሜትር ዘለለ ብለህ ብትምል ማንም አያምንህም። አንድ ሰው «ይኸው ነው?» አለ።

ከዚያ በፊት ያለው ግን... ካሜራውን ማጥፋት ረስቼ ኖሮ፣ ከመዝለሉ በፊት ያለው ተቀርጿል። ጓደኛዬ ወደ ታች ያያል። ከንፈሩን ይልሳል። እጁ የአጥሩን ድንጋይ ጨብጦ አይለቅም። ያቺ ስትታይ ክፍሉ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም። እዚያ ካሴት ላይ ፊልም የምትባለው ያቺ ብቻ ነበረች። እሷን ለመቅረጽ ደግሞ ማንም መዝለል አያስፈልገውም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ።

መምህርህ «የዘውግ ልማድ» ያለው ምንድን ነው? (ዘውግ ሲባል ፖለቲካ የመጣ የመሰላችሁ አንባብያን፣ ተረጋጉ፤ የፊልም ዓይነት ማለት ነው።) የበዓል ዶሮ ወጥ አስብ። እንቁላል ከሌለው እንግዳው አፍ አውጥቶ ባይናገርም ቅር ይለዋል። እንቁላል ስላደረገችበት ግን እናትህን «ከጎረቤት ገለበጠች» የሚላት የለም። የሚለያት የእጇ ጣዕም ነው። የዘውግ ልማድም እንደዚያው ነው። ተመልካች ጠብቆት የመጣው ነገር ነው። አቅርብለት፤ ጣዕሙ ግን ያንተ ይሁን። «ገለበጥክ» የምትባለው እንቁላሉን ስታደርግ ሳይሆን የሰው ድስት እንዳለ ይዘህ ስትመጣ ነው።

በቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ያለ መምህር እናውቀዋለን። ያ የጨለመ ክፍል፣ ያ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ብርድ ልብስ ትዝ አይላችሁም? ፊልሙ ተጀምሮ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ የተቀመጠው ጎረምሳ ፍርዱን ይሰጥ ነበር። «ይሄ የፍቅር ነው፣ ቀይረው!» ወይም ደግሞ «ዝም በሉ፣ ይሄ ሰውዬ አደገኛ ነው!» ያቺ ሁለት ደቂቃ ነች ያንተ የቤት ሥራ። ተመልካቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን ዓይነት ፊልም ሊያይ እንደተቀመጠ ይወቅ፣ ከዚያ መነሳት ያቅተው። አለቀ።

ታዲያ ልማዶቹ የትኞቹ ናቸው? ሁላችንም ከምናውቃቸው ፊልሞች እንያቸው።

አንደኛው፣ አደጋው ቶሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የአርኖልድን «ኮማንዶ» አስታውሱ። ማለዳ ነው። አንድ ሰውዬ የቆሻሻ መኪና ድምፅ ሰምቶ፣ እንዳያመልጠው ቆሻሻውን ይዞ እየሮጠ ይወጣል። ከመኪናው የወረዱት ግን ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አይደሉም። ተኩሰው ይጥሉታል። ልብ በል፣ ያስደነገጠን ተኩሱ ብቻ አይደለም። ቆሻሻ መጣልን የመሰለ የየቀኑ ነገር ወደ ሞት ሲለወጥ ነው።

ሁለተኛው፣ አክተሩ ምን እንደሚችል በሥራ ይታያል እንጂ አይወራም። እዚያው «ኮማንዶ» ላይ አርኖልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ግንድ በትከሻው ተሸክሞ ነው የሚመጣው። «ይሄ ሰው ጠንካራ ነው» የሚል ንግግር አያስፈልግም። ወዲያው ደግሞ ከትንሽ ልጁ ጋር አይስክሬም ሲበላ እናያለን። ጉልበቱንም ሊያጣት የሚችላትንም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አወቅን። በኋላ ልጅቷ ስትጠለፍ እኛም አብረን የምንናደደው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ስፒድ» ሲከፈት ካሜራው በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሠራተኞቹ ስም በፎቆቹ መካከል እያለፈ ይነበባል። ገና ምንም ሳይፈጠር ቁልቁለቱ ሆድህን ያላውሰዋል። ከዚያ ሊፍት ውስጥ ሰዎች ይታገታሉ፣ ቦምብ አለ፣ ጊዜ የለም። የስም ጽሑፉም የታሪኩ አካል ሆነ ማለት ነው። አንተም ስማችሁን በጥቁር ስክሪን ላይ ደርድረህ ሃያ ሰከንድ አታቃጥል። ሩጫው ውስጥ አስገባው።

አራተኛው፣ ዘር ይዘራል። እ.ኤ.አ. የ1988ቱ «ዳይ ሃርድ» በምን ይጀምራል? በተኩስ እንዳትለኝ። በሚያርፍ አውሮፕላን ነው። አክተሩ መብረር ይፈራል፤ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጧል። ጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ጫማህንና ካልሲህን አውልቀህ ምንጣፉ ላይ ጣቶችህን ጨብጥ ብሎ ይመክረዋል። ቀልድ ይመስላል። በኋላ አሸባሪዎቹ ሲመጡ ግን ምክሩን ሰምቶ ጫማውን ያወለቀው ሰውዬ ባዶ እግሩን ነው፤ መስታወት ላይ ሲሄድ እግሩ ይቆራረጣል። አንዲት ትንሽ ዘር ሙሉ ፊልም ተሸከመች። ጀግናው ፈሪ መሆኑን ደግሞ ከመጀመሪያዋ ምስል አየን። ወደድነው።

አሁን ደግሞ የሁላችንም ወዳጅ «ራምቦ»። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል አስታውሱ። ስንት ጊዜ አይተነው ይሆን? ግን አጀማመሩን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አንድ ሰው ሻንጣውን አንግቦ በእግሩ ይመጣል። ሐይቅ አለ፣ ሰላም ነው። በቬትናም አብሮት የተዋጋ ጓደኛውን ፈልጎ ነው የመጣው። ቤቱ ሲደርስ ያገኛት ሴት ጓደኛው በካንሰር መሞቱን ትነግረዋለች። በቃ። ይኸው ነው። ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ ከዚያ ፖሊሱ መንገድ ላይ አግኝቶ ከከተማው ሊያስወጣው ይሞክራል። ያ ሁሉ ፍንዳታ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአክሽን ንጉሥ የምንለው ፊልም በለቅሶ ዜና ነው የተከፈተው ወንድሜ! ማንም ከየትም አልዘለለም።

ስለዚህ «ዝላይ ከሌለ አክሽን አይደለም» ያልከው ከልማዱ ውስጥ የለም። ያንተው ፍርሃት የፈጠረው ነው።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ገንዘብ ወደሌላቸው እንሂድ። ሮበርት ሮድሪጌዝ «ኤል ማሪያቺ»ን በ7,000 ዶላር ገደማ ሲሠራ የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት ነው። ከፊሉን ገንዘብ ያገኘው የመድኃኒት ሙከራ በሚደረግበት ተቋም ውስጥ ገብቶ ነው። (ይሄን እንዳትኮርጅ አደራ!) ታሪኩን የጻፈው በእጁ ያሉትን ነገሮች ቆጥሮ ነው። አንድ የሜክሲኮ ትንሽ ከተማ፣ መጠጥ ቤት፣ አውቶቡስ፣ ውሻ፣ ኤሊ፣ የጊታር ሳጥን። ካሜራውን ለማንሸራተት የተጠቀመው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ። ቀረብ ወዳለው ስንመጣ ደግሞ ካምፓላ ውስጥ ዋካሊጋ በሚባል የድሆች ሰፈር ናብዋና የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚል አክሽን ፊልም ሠራ። መሣሪያዎቹ ከቁርጥራጭ ብረትና ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። ቅንብሩ የኮምፒውተር ቀልድ ይመስላል፣ ግን ዓለም አየለት። ለምን? የሰፈሩ ሳቅ አለበታ።

አንተስ? ያለህን ቁጠር። ያላለቀ ኮንዶሚኒየም አለህ። አምስት ልጆች አላችሁ። ስልክ አለህ። እግር ኳስ የሚጫወቱ የሰፈር ልጆች፣ ጠባብ ኮሪደር፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ የሚጮህ ቆርቆሮ በር አለህ። ዶላር የተሞላ ጥቁር ቦርሳ ግን የለህም። እሱን ነው ከሰው ድስት ያወጣኸው።

የማን ዶላር ነው? ለማላውቀው ሰውዬ ዶላር እኔ ለምን ልቤ ይምታ? ለምሳሌ ብቻ ነው የምልህ፣ ልጁ የያዘው የእናቱን ዘንቢል ቢሆንስ? ውስጡ ያለው የሠላሳ እናቶች እቁብ ቢሆንስ? እጣው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወጣ ቢሆንስ? የዘንቢሉ አንዱ ማንጠልጠያ ደግሞ ከመጀመሪያው የላላ ቢሆንስ? እየው፦ አደጋው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ዘሩ አለ። ልማዱን አንድ በአንድ ጠብቀሃል፣ ግን ማንም «ገለበጥክ» አይልህም፤ ሆሊውድ እቁብ አያውቅማ! «አሁን እቁብ በሞባይል ነው» ብለህ እንዳትከራከረኝ፤ በእጅ የሚሰበስቡ ዛሬም ሞልተዋል። ደግሞ ይሄን ምሳሌዬን አትውሰደው። ያንተን ሰፈር የሚያስደነግጠውን ነገር አንተ ፈልገው።

አሁን ወደ ዝላዩ። ዝላዩን አስቀር አላልኩህም። ጓደኛህ አይዝለል ነው ያልኩህ። ልዩነት አለው። የሁለተኛ ፎቅ ከፍታ ወደ ስድስት ሜትር ነው። ከዚያ የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። የግንባታ አሸዋ ደግሞ ፍራሽ አይደለም። ዝናብ መትቶት ከደረቀ ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ሚስማርና ብሎኬት ስባሪ አይጠፋም። ያን ሁሉ ከፍለህ የምታገኘው አንድ ሰከንድ ነው።

በምትኩ እንዲህ አድርገው፦

መጀመሪያ ፊቱ። ጓደኛህ መሬት ላይ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ይቁም፤ አንተ ከታች ወደ ላይ ቅረጸው። ከኋላው ሰማይ ብቻ ይታይ። ወደ ታች ይመልከት፣ ምራቁን ይዋጥ። ቀጥሎ እጁ፣ የዘንቢሉን ማንጠልጠያ ሲጨብጥ። ቀጥሎ ቁልቁለቱ። ስልኩን በገመድ አጥብቀህ እሰርና ካጥሩ ወይም ከግንቡ ወዲህ ሆነህ፣ እጅህን ብቻ ዘርግተህ አሸዋውን ከላይ ቅረጽ። ሰው ጠርዝ ላይ አይቁም። ቀጥሎ የአሳዳጆቹ ጫማ በኮሪደሩ ሲቃረብ፣ በድምፅ ጭምር። ከዚያ ጓደኛህ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ከፍሬም ወጣ ይበል፤ ባዶው ሰማይ ለአንድ ሰከንድ ይቆይ፣ ድምፅ ይጥፋ። ከዚያ ማረፊያው። ከወንበር ከፍታ በማይበልጥ ቦታ፣ አሸዋው ተነፍቶና ተፈትሾ፣ እግሩ ብቻ በቅርብ ሲያርፍ፣ አቧራው ሲነሳ። አለቀ! ተመልካቹ በጭንቅላቱ ስድስት ሜትር ያዘልለዋል። ይህ ማታለል አይደለም፣ ኤዲቲንግ የሚባለው ይሄው ነው። ያቺ የተጣላሃት ልጅ ይህን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ለዚህ ነው «የለሁበትም» ያለችህ።

ሩጫውን በተመለከተ አንድ ነገር አትርሳ። ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ ከሮጠ አሳዳጆቹም ከግራ ወደ ቀኝ ይሩጡ። ካሜራህን ከመንገዱ ማዶ ካሻገርክ አቅጣጫው ይገለበጥና ሊተቃቀፉ የሚሮጡ ዘመዳሞች ይመስላሉ። እንቅስቃሴውን መሃል ላይ ቁረጠው፤ በሩን መግፋት ሲጀምር ከውጭ፣ ተከፍቶ ሲገባ ከውስጥ። ሁሉንም ነገር ደግሞ አታፋጥን። አንድ ረጋ ያለ ሾት ከሌለ ፍጥነቱ ፍጥነት አይመስልም።

ድምፅ! ተማሪዎች ሁሉ የሚረሱት ነው። ስልክህ ሲሮጡ የሚቀዳው ነፋስ ነው። የእግር ኮቴውን፣ የበሩን ሲጥሲጥታ፣ የትንፋሹን ድምፅ ማታ ጸጥ ባለ ክፍል ለብቻው ቅዳ። ቡጢ ከፈለግክ ጥቅል ጎመን ምታ። የአጥንት ስብራት ከፈለግክ ካሮት ስበር። (እኔ እንኳ ይህን ድምፅ ፊልም ላይ ስሰማ አሁንም ፊቴን አዞራለሁ።)

ሽጉጡን ተወው። የምሬን ነው። የፕላስቲክ ሽጉጥ ከሩቅ ለሚያይ ጥበቃ፣ ፖሊስ ወይም ደንጋጣ ጎረቤት የፕላስቲክ መሆኑ አይነበብለትም። እውነተኛው ደግሞ በጭራሽ፤ «ጥይት የለውም» የሚባል ወሬ አትስማ። የብሩስ ሊ ልጅ ብራንደን ሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ቀረጻ ላይ የሞተው «ለፊልም ነው» በተባለ ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ረስት» በተባለው ፊልም ልምምድ ላይ ካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ የሞተችውም እንዲሁ ነው። እነዚያ ባለሙያ የሞላባቸው ቦታዎች ነበሩ። አንተ ደግሞ ሦስት ሰዎች ዝም ብለው፣ ሳይሮጡ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ደረጃውን ሲወጡ አሳየን። ከሽጉጥ ይልቅ ያስፈራል። ለሕንፃው ባለቤትና ለጥበቃው አስቀድመህ ንገር፣ ወረዳውንም አስፈቅድ፣ ከትምህርት ቤትህ ደብዳቤ ያዝ።

ጃኪ ቻንን ያነሳኸው ደግሞ ደስ አለኝ። ጃኪ ቻን ከልጅነቱ ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ በቻይና ኦፔራ ትምህርት ቤት ውስጥ መውደቅን ብቻ ሳይሆን አወዳደቅን የተማረ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ «አርመር ኦቭ ጎድ»ን ሲሠራ፣ ያውም ለፊልሙ መክፈቻ፣ ወደ ዛፍ ዘሎ ቅርንጫፉ አልይዝ ብሎት ወደቀ። ራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ከሞት ነው የተረፈው። እሱ ከባዱን ሁሉ አልፎ በዛፍ ዝላይ ከወደቀ፣ የፊልም ተማሪ እንኳ ያልሆነው ጓደኛህስ?

እዚህ ላይ ደርሰናል። ደብዳቤህ ውስጥ የደነገጥኩበት ቃል «እሺ ብሏል» የሚለው ነው።

የእኔም ጓደኛ እሺ ብሎ ነበር። ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ልጆች ከወለድን በኋላ፣ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «ያን ቀን ፈርተህ ነበር?» አልኩት። ስኳሩን እያማሰለ «በጣም እንጂ» አለኝ። «ታዲያ ለምን እምቢ አላልክም?» ስለው «ሁላችሁም ቆማችሁ ታዩኝ ነበራ፣ ካሜራውም በስንት ልመና የመጣ ነው። ምን ብዬ?» አለኝ። ይሉኝታ የምንላት ነገር ሰው ከአጥር ላይ ትጥላለች ወንድሜ። እሱ እኔን እንዳላፍር ብሎ ነው የዘለለው። እኔ ደግሞ ፊቱን በካሜራ እያየሁ ፍርሃቱን አላየሁትም።

ስለዚህ ከአሥሩ ቀን የመጀመሪያውን ለዚህ ተጠቀምበት። ጓደኛህን ብቻውን፣ ቡድኑ በሌለበት፣ ካሜራ በሌለበት አግኘው። «ትዘላለህ ወይ?» ብለህ አትጠይቀው፤ «እሺ» ነው የሚልህ። «ዝላዩን ሰርዤዋለሁ፣ ፊትህን ግን እፈልገዋለሁ» በለው። ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ አይተህ የዚያን ቀን ጻፍልኝ።

ከዚያ ልጅቷ ጋ ሂድ። በሰው ፊት ከተጣላሃት በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃት። «ዝላዩን በኤዲቲንግ እንዴት እንሥራው?» ብለህ ወረቀትና እርሳስ አቅርብላት። ሾቶቹን አብራችሁ ሳሉ። እመነኝ፣ ሁለቱ ደቂቃ ከምታስበው በላይ ይጠበባችኋል።

ፊልሙ ሲያልቅ ሊንኩን ላክልኝ፣ አያለሁ። ጓደኛህ ግን በሁለት እግሩ ሮጦ መጥቶ ከጎንህ ቁጭ ብሎ ይየው።

ውድ አንባብያን፣ ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። እናንተም «እሺ» ብላችሁ የተጸጸታችሁበት ወይም ሰው እሺ አሰኝታችሁ እንቅልፍ ያጣችሁበት ነገር ካለ ጻፉልኝ። ስማችሁን አናወጣም። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!